አርባው የጤፍ ክሮሞዞም

ጥቅምት ሲገባ በጎጃሟ አምበር ከተማ ዙሪያ ያለው ጤፍ ዛላው እየከበደው ይጋሽባል። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ከጣለበትማ ማሳው እንዳለ ይተኛል። የዘር ማሻሻል ሥራ ይዤ ወደ ገበሬ ስወርድ የሚጠብቀኝ ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ለስንዴው አጭር አገዳ አመጣችሁለት፤ ለጤፉስ ምነው?»

የመልሱ ገሚስ ያለው ክሮሞዞሙ ውስጥ ነው። የጤፍን ሥር ጫፍ ቀለም አስነክረን፣ በሁለት መስታወት መሀል ጨፍልቀን በማይክሮስኮፕ ስናይ 40 ክሮሞዞሞች ብቅ ይላሉ። ደቃቆች ስለሆኑ ቆጠራው ዓይን ያደክማል። ደግሞም ሁሉም ከአንድ ወላጅ ወገን አልመጡም። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው የጤፍ ጂኖም ጥናት እንደሚገምተው፣ ከ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሁለት የዱር ሣሮች ተዳቀሉ። እንዲህ ያለ ድቅል ክሮሞዞሞቹ አቻ ስለሚያጡ አብዛኛውን ጊዜ መካን ነው፤ ሁሉም ሲታጠፉ ግን እያንዳንዱ ጥንዱን ያገኝና ተክሉ ዘር ይሰጣል።

ስለዚህ ጤፍ ውስጥ ከአንዱ ወላጅ የመጣ ጂን ከሌላው ወላጅ የመጣ መንታ አለው። ለዱር ሣር ይህ ትርፍ ቅጂ በረከት ነው፤ አንዱ ጂን ቢበላሽ መንታው ይሠራለታል። ለእኛ ግን ራስ ምታት ነው። 24 ክሮሞዞም ብቻ ያለው ሩዝ አንድ የቁመት ጂን ሲበላሽበት አጠረ፤ ጤፍ ላይ ያው ቢደርስ መንታው ሊሸፍነው ይችላል፣ እኛም ሳናየው እናልፋለን። የዳቦ ስንዴም 42 ክሮሞዞም ቢኖረውም አሳጣሪው ጂን መንታዎቹ ሊሸፍኑት የማይችሉት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ዕድለኛ ሰብል!

ትርፉ የረዳን ጊዜም አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ጥናቱ የታተመው «ቀኝ» የተባለ የጤፍ መስመር አልፋ ቱቡሊን በሚባለው ጂን ላይ ለውጥ አለው። ሩዝ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ተክሉን ድንክና አገዳ ደካማ ያደርገዋል። ጤፉ ግን ጤነኛው መንታ ስላለው በመጠኑ አጥሮ፣ መጋሸብን የሚቋቋም ሆነ።

ስለዚህ አሁን ሁለቱንም መንታ ጂኖች እያነበብን የተለወጡትን እንፈልጋለን፣ ከዚያ በማዳቀል እናጣምራለን። ማዳቀሉም ማልዶ መነሳት ይጠይቃል፤ የጤፍ አበባ የሚከፈተው ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ መሆኑን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወቁት ዶ/ር ታረቀ በርሄ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር።