ከእንቁላል አስኳል እስከ ሕዋስ አስኳል

በፋሲካ ሌሊት፣ በባሕር ዳር ጣና ዳር ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ሲያበቃ፣ ምእመኑ ጾሙን ሊፈታ ወደየቤቱ ይመለሳል። 55 ቀን ሙሉ ሽሮና ምስር የለመደ ሰውነት በዚያች ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ቅቤና እንቁላል ይቀበላል። የጾሙን መፈታት ከሆድ ቀጥሎ የሚያውቀው ጉበት ነው፤ በጉበት ሕዋሳት ውስጥም ጂኖች ሥራቸውን ይለውጣሉ።

አንድ የእንቁላል አስኳል 200 ሚሊ ግራም ገደማ ኮሌስትሮል አለው። የጣና ዓሦች ቆሮሶና አምባዛም መጠኑ ቢያንስም አላቸው። በሽሮና በምስር ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። ቢሆንም በሁዳዴ ማንም ሰው ኮሌስትሮል አያልቅበትም። የሕዋስ ሽፋን፣ ሐሞትና ብዙ ሆርሞኖች ያለ እርሱ አይሠሩምና ሰውነት ራሱ ያመርተዋል። መቼ በርትቶ እንደሚያመርት፣ መቼ እንደሚያርፍ የሚወስነውን ፕሮቲን እናስተዋውቃችሁ፤ ስሙ ስሬብፒ-2 ይባላል።

ስሬብፒ-2 የሚኖረው በሕዋሱ ውስጥ ባለ ሽፋን ላይ ተተክሎ ነው። ስካፕ የሚባል አጃቢ ፕሮቲን አለው። በጾም ወቅት በዚያ ሽፋን ላይ ያለው ኮሌስትሮል ከስቡ ሁሉ 5 በመቶ ገደማ ከሆነው ልክ ሲወርድ፣ ስካፕ ስሬብፒ-2ን ይዞ ጎልጂ ወደሚባለው የሕዋስ ክፍል ይወስደዋል። እዚያ ሁለት ኢንዛይሞች ተራ በተራ ይቆርጡታል። የተቆረጠው ጫፍ ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ ዲኤንኤ ላይ ያርፋል፤ ጂኖችንም ያስነሣል። አንደኛው ጂን ኮሌስትሮል የሚያመርተውን ኢንዛይም ያሠራል። ሌላው ከደም ኤልዲኤልን፣ ማለትም በተለምዶ "መጥፎ ኮሌስትሮል" የምንለውን፣ ስቦ የሚያስገባውን በር ያሠራል።

የፋሲካው እንቁላል ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ከአንጀት የገባው ኮሌስትሮል ጉበት ሲደርስ ስካፕ ላይ ይጣበቃል፤ ኢንሲግ የተባለ ሌላ ፕሮቲንም ስካፕን ባለበት ያስቀረዋል። ስሬብፒ-2 ሳይቆረጥ ይቀራል፤ ምርቱ ይቀንሳል፤ በሮቹም ያንሳሉ። ትርፉ ሲበዛ ደግሞ ኤልኤክስአር የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይነቃና ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት የሚያስወጡ ጂኖችን ያሠራል።

በዚህ ሁሉ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል እንኳ አትለወጥም። ግጻዌ የቅዱስ መጽሐፍን ቃል ሳይነካ ለዕለቱ የሚነበበውን እንደሚያመለክት፣ ምግባችንም ከጂኖቻችን መካከል የትኛው ዛሬ እንደሚነበብ ይጠቁማል።

ኤልዲኤልን ከደም የሚያስገባውን በር ያገኙት በአሜሪካ፣ በዳላስ ከተማ የሚሠሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው። በልጅነታቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚመታቸው ሕፃናት ለምን ደማቸው በኮሌስትሮል እንደሚሞላ ሲመረምሩ፣ የበሩ ጂን እንከን እንዳለበት ደረሱበት፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ምርቱን ሲያግዱ ሕዋሱ እንደ ጾመኛ ሆኖ በሮቹን ያበዛል።

ጤነኛ ሰውነት ከውጭ ሲገባለት የራሱን ምርት ስለሚቀንስ፣ እንቁላል ብቻውን የብዙ ሰዎችን ደም እንደሚፈራው ያህል አይለውጥም። የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ቅቤ ነው። ከስቡ ከግማሽ በላይ የሆነው የረጋ ስብ የጉበትን በሮች ያዳክማል፤ ኤልዲኤልም በደም ውስጥ ይከማቻል።

እናቶቻችን ለፋሲካ ፍስክ ከመቅመስ በፊት ተልባ ያጠጡናል። የሚያጠጡን ለሆዳችን ብለው ነው፤ ለጉበትም ግን ይበጃል። የተልባው ልጋግ ሐሞትን ይዞ ይወጣል፤ ጉበት የወጣውን ሐሞት ለመተካት ኮሌስትሮሉን ይጠቀማል፤ ሲጎድልበትም ስሬብፒ-2 ተነሥቶ በሮቹን ይከፍታል። ስለዚህ ተልባውን ከፋሲካ በኋላም አንተወው፤ ቅቤውን እንመጥን። ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የተያዘ ያለበት ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር የደም ኮሌስትሮሉን ያስመርምር።