የቆጡን ለማውረድ የብብትዎን እንዳይጥሉ

በአሮጌ የክሪፕቶ ዋሌት ውስጥ ስለተረሱ ሳንቲሞች ማወቅ ያለብዎት

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ለእረፍት መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ቡና እየጠጣን ሳለ፣ አክስቴ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ ቡናማ ሻንጣ አወረዱ። በየቤታችን የማይጠፋ ዓይነት ሻንጣ ነው፤ የክርስትና ካርድ፣ የሚኒስትሪ ውጤት፣ የቤት ካርታ ቅጂና የቆዩ ፎቶግራፎች የሚቀመጡበት። ከነዚህ መካከል ልጃቸው ከዓመታት በፊት ለጥየቃ መጥቶ ሲመለስ ጥሎት የሄደ ሰማያዊ ደብተር ነበር። «የእጅ ጽሑፍህ ነው ብዬ አልጣልኩትም» አሉት።

በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ 12 የእንግሊዝኛ ቃላት በተራ ቁጥር ተጽፈዋል። አክስቴ ልጃቸው ቋንቋ ሲያጠና የጻፈው መስሏቸው ኖሯል። እሱ ግን ገጹን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተማሪ ሳለ፣ ከትርፍ ሰዓት ሥራው ባጠራቀመው 300 ዶላር ገደማ ግማሽ ቢትኮይን ገዝቶ ነበር። የዋሌቱን ምስጢራዊ ቃላት አሜሪካ ውስጥ ቤት በቀየረ ቁጥር ሲፈልግ ኖሮ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጧል። ለካ ቃላቱ ይህን ሁሉ ጊዜ አዲስ አበባ፣ ከክርስትና ካርዱ ጋር ተቀምጠዋል።

ደስታችን ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሐዘን ሊለወጥ ነበር። ስልኩን አውጥቶ ስለ ድሮ ዋሌቶች ሲፈልግ፣ ከ2017 በፊት ቢትኮይን ለነበራቸው ሰዎች ያልተወሰዱ ነጻ ሳንቲሞች እንዳሉ የሚናገር ገጽ አገኘ። ከሥር 12 ባዶ ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ ከላይ ደግሞ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። 14 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ፣ 14 ደቂቃ ከ49... ሰባተኛው ቃል ላይ ሲደርስ እጁን ያዝኩት። «አንቺ ደግሞ፣ ሰዓቱ እኮ እያለቀ ነው!» አለኝ።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። እንዲህ ያለውን ሰዓት ለቅናሽ ማስታወቂያ እኔ ራሴ አስገጥሜ አውቃለሁ። «ገጹን ዘግተህ እንደገና ክፈተው» አልኩት። ከፈተው። ሰዓቱ እንደ አዲስ ከ15 ደቂቃ መቁጠር ጀመረ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የምጽፍልዎ ያ ገጽ ሙሉ በሙሉ ውሸት ስላልነበረ ነው። የድሮ ዋሌት ያለው ሰው ያልወሰዳቸው ሳንቲሞች በእርግጥ ሊኖሩት ይችላሉ። ወጥመዱ ሰው የሚይዘው እውነት ስላለበት ነው።

ዕድሩ ለሁለት ሲከፈል

«ፎርክ» የሚባለውን ነገር ለመረዳት የሰፈርዎን ዕድር ያስቡ። አባላቱ በአንድ ጉዳይ ሳይስማሙ ቀርተው ዕድሩ ለሁለት ተከፈለ እንበል። ሁለቱም ወገኖች የድሮውን መዝገብ ኮፒ አድርገው ያዙ። እስከዚያች ቀን ድረስ በመዝገቡ ላይ ስምዎ ካለ፣ በሁለቱም ዕድሮች አባል ነዎት። ከዚያ በኋላ ግን በአንዱ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ሌላውን አይነካም።

በቢትኮይንም የሆነው ይኸው ነው። ብሎክቼይን የሚባለው መዝገቡ በአንድ ጊዜ ምን ያህል የገንዘብ ዝውውር ይያዝ በሚለው ጥያቄ ላይ ለዓመታት ክርክር ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2017 (ሐምሌ 25 ቀን 2009 ዓ.ም.) መዝገቡ ይስፋ ያሉት ወገኖች ተለይተው ቢትኮይን ካሽን ጀመሩ። በዚያን ዕለት በዋሌቱ 1 ቢትኮይን የነበረው ሰው 1 ቢትኮይን ካሽም ደረሰው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 24 ቢትኮይን ጎልድ ተገነጠለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2018 ደግሞ ቢትኮይን ካሽ ራሱ ተከፍሎ ቢትኮይን ኤስቪ ተፈጠረ።

ኢቴሪየምም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዳኦ ከተባለው የጋራ ፈንድ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር ተዘረፈ። ገንዘቡን ለባለቤቶቹ ለመመለስ በጁላይ 20 መዝገቡ ሲስተካከል፣ የተጻፈ መዝገብ አይነካም ያሉት በድሮው ቀጠሉ፤ ይህም ኢቴሪየም ክላሲክ የሚባለው ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት ኢተር የነበረው ሰው ኢቴሪየም ክላሲክም አለው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ይያዙ። አንደኛ፣ ከፎርክ የመጣ ሳንቲም የሚወሰድበት ቀነ ገደብ የለውም። መዝገቡ እስካለ ድረስ ስምዎ በመዝገቡ ላይ ነው። በፎርክ ሳንቲም ላይ ሰዓት የሚቆጥርብዎ ሰው ስለዚህ እያታለለዎት ነው። ሁለተኛ፣ አዲሱን ሳንቲም የሚከፍተው ቁልፍ የድሮውን ሳንቲም የሚከፍተው ያው ቁልፍ ነው። አደጋው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለትንሿ ሳንቲም ብለው ቁልፉን ሲያውሱ ትልቁንም አብረው ይሰጣሉ።

ትንሿ የምለው በምክንያት ነው። መዝገቡ እኩል ቢገለበጥም ዋጋው እኩል አይገለበጥም። ዛሬ የቢትኮይን ካሽ ዋጋ ከቢትኮይን ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ የጎልድና የኤስቪ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የዘመዴ ግማሽ ቢትኮይን በአሥር ሺዎች ዶላር ሲገመት፣ ግማሽ ቢትኮይን ካሹ 300 ዶላር እንኳ አልሞላም።

ኤርድሮፕስ?

ይህን ቃል ብዙዎቻችን የሰማነው እ.ኤ.አ. በ2024 ልጆቻችን በቴሌግራም ላይ ሐምስተር ኮምባትን ሲነካኩ በዋሉበት ወቅት ነው። በእኔ ሙያ ቋንቋ ኤርድሮፕ ናሙና ማደል ማለት ነው። አዲስ የሳሙና ፋብሪካ በየሱቁ በር ትናንሽ ሳሙና እንደሚያድል፣ አዲስ የክሪፕቶ ፕሮጀክትም ተጠቃሚ ለማፍራት ሳንቲም ያድላል።

አንዳንዱ ናሙና ትልቅ ነው። ዩኒስዋፕ የተባለው መገበያያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020፣ ከዚያ ወር በፊት አገልግሎቱን ለተጠቀመ ለእያንዳንዱ አድራሻ 400 ዩኒ አድሏል፤ በጊዜው ዋጋ ከ1,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። ከፎርክ የሚለየው ግን ብዙው ኤርድሮፕ ቀነ ገደብ ያለው መሆኑ ነው። የኢኤንኤስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2022፣ የአርቢትረም በሴፕቴምበር 2023 ተዘግቷል። ዛሬ እነዚህን «እናወጣልዎ» የሚልዎት ካለ በሩን ይዝጉበት።

ቅደም ተከተሉ

በእኛ ቤት የተደረገውን በተራ ልንገርዎ።

1. መጀመሪያ ቁልፉ በማን እጅ እንደነበር ይለዩ። በፎርኩ ቀን ሳንቲምዎ በመገበያያ ድርጅት ውስጥ ከነበረ ቁልፉ የድርጅቱ ስለሆነ የሚወስነውም እሱ ነው። ለምሳሌ ኮይንቤዝ መጀመሪያ ቢትኮይን ካሽን አልሰጥም ብሎ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ለደንበኞቹ አከፋፍሏል። እንዲህ ያለ አካውንት ከነበረዎት በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ገብተው ሒሳብዎን ይመልከቱ። ምስጢራዊ ቃላት ወይም የዋሌት ፋይል ካለዎት ግን ቁልፉ የእርስዎ ነው።

2. ከሁሉ በፊት ትልቁን ሳንቲም ያዛውሩ። አዲስ ዋሌት፣ አዲስ ቃላት። ዘመዴ ያስገባው ሰባት ቃል ብቻ ቢሆንም፣ ገጹ እየተጻፈ ያለውን ሊያነብ ስለሚችል ያንኑ ማታ በራሱ ላፕቶፕ ግማሽ ቢትኮይኑን ወደ አዲስ ዋሌት አሻገረ። ብዙ ሰዎች «ዋናውን ካንቀሳቀስኩ የፎርኩ ይጠፋብኛል» ብለው ይፈራሉ። አይጠፋም። ዕድሩን ያስታውሱ፤ በአንዱ መዝገብ ላይ የተጻፈ ሌላውን አይነካም።

3. ቁልፍ ሳያወጡ ይፈትሹ። የዋሌቱ አድራሻ እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው፤ ቢታይም ገንዘብ አያስወጣም። ብሎክ ኤክስፕሎረር በሚባሉ መፈለጊያዎች አድራሻውን ብቻ አስገብተው በቢትኮይን ካሽ መዝገብ ላይ ምን እንዳለ ማየት ይችላሉ። ቃላቱን የሚጠይቅ መፈለጊያ መፈለጊያ አይደለም።

4. የድሮው ዋሌት ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ የድሮዎቹን ቃላት ይጠቀሙ። የዘመዴ ዋሌት ኤሌክትረም ስለነበር፣ ለቢትኮይን ካሽ የተሠራው አቻው ኤሌክትሮን ካሽ ያንኑ 12 ቃላት ይቀበላል። ፕሮግራሙን በማስታወቂያ ሊንክ ሳይሆን ከራሱ ከአዘጋጆቹ ገጽ አወረደው። በዚህ ደረጃ ቃላቱ ቢሰረቁ እንኳ የሚጠፋው ትንሿ ሳንቲም ብቻ ናት።

5. ድካሙ ይገባዋል ወይ? ብለው ይጠይቁ። ቢትኮይን ጎልዱን ለማውጣት ሌላ የማያውቀው ፕሮግራም መጫን ነበረበት። ዋጋውን አይቶ ተወው። መተውም ውሳኔ ነው።

ለኤርድሮፕም ሕጉ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ያለዎትን ያርቁ። በተለይ በኢቴሪየም ላይ ምስጢራዊ ቃላትዎን ሳይናገሩም «ፈቅጃለሁ» የሚለውን ቁልፍ በመጫን ብቻ ዋሌትዎ ሊራቆት ይችላል። በዋሌትዎ ውስጥ የማያውቁት ሳንቲም በድንገት ቢያዩ፣ በተለይ ስሙ የድረ ገጽ አድራሻ ከሆነ፣ አይንኩት።

ወጥመዱን ከሚያውቅ ሰው

ማስታወቂያ ስንሠራ ሦስት መሣሪያ አለን፤ «ነጻ» የሚል ቃል፣ ጥድፊያና ምስክር። ሳሙና ለመሸጥ ሲውሉ ጉዳታቸው ብዙ አይደለም። በዋሌት ላይ ሲውሉ ግን ቤት ያፈርሳሉ። ቢትኮይን ጎልድ በተፈጠረ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017፣ ሳንቲሙን አወጣላችኋለሁ የሚል አንድ የዋሌት ገጽ ምስጢራዊ ቃላቸውን ካስገቡ ሰዎች ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዘርፏል። ሰዎቹ ሊያገኙ የመጡት የጎልድን ትርፍራፊ ነበር፤ የሄደባቸው ግን በብዛት ዋናው ቢትኮይን ነው።

በእኛ አገር ወጥመዱ በአብዛኛው በቴሌግራም ይመጣል። «የጠፋ ዋሌት እናስመልሳለን» የሚል ቻናል፣ የሚያመሰግኑ «ደንበኞች»፣ ከዚያም በውስጥ መስመር የሚጽፍልዎ ትሑት ልጅ። ቃላቱን ወይም ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው ብለው ይያዙ። ለወንድምም ቢሆን ቃላቱን በስልክ አያንብቡ፣ ፎቶ አንስተውም አይላኩ።

ሕጉና ግብሩ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ፣ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ የሚደረግ ግብይት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ከአሮጌ ዋሌት የወጣን ሳንቲም እዚህ ካፌ ተቀምጠው በብር ልለውጥ ቢሉ ከሌባም ከሕግም ጋር ሊጋፈጡ ይችላሉ። ከመንቀሳቀስዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች ደግሞ ግብሩን አይርሱ። የአገሪቱ ግብር መሥሪያ ቤት አይአርኤስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ውሳኔ መሠረት፣ ከፎርክ የተገኘ አዲስ ሳንቲም ባለቤቱ ሊያዝበት ከቻለበት ቀን ጀምሮ በዕለቱ ዋጋ እንደ ገቢ ይቆጠራል። የአክስቴ ልጅም ሳንቲሟን የሸጠው ሜሪላንድ ከተመለሰ በኋላ በሚኖርበት አገር ሕግ ነው። በገንዘቡ ለእናቱ የዓይን መነጽር ገዝቶ ላከ።

ሻንጣዎን ይክፈቱ

እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ አገር ጎረቤት በዌልስ፣ ኒውፖርት ከተማ የሚኖረው ጄምስ ሃውልስ 8,000 ገደማ ቢትኮይን ቁልፍ ያለበት ሃርድ ዲስክ ከቆሻሻ ጋር ተጣለበት። የከተማው የቆሻሻ መጣያ እንዲቆፈርለት ለዓመታት ሲሟገት ኖሯል። እኛ ጋ ደግሞ ቆራሌው በየሳምንቱ በር ያንኳኳል።

ውጭ አገር የሚኖር ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ካለዎት፣ ቤት የተዉትን አሮጌ ላፕቶፕ፣ ፍላሽና ደብተር ለቆራሌ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ጊዜ ይደውሉላቸው። 12 ወይም 24 ቃላት የተጻፈበት ወረቀት ካገኙ በጽሑፍ አይላኩት፤ ወረቀቱ መገኘቱን ብቻ ይንገሩና ባለቤቱ እስኪመጣ በጥሩ ቦታ ያስቀምጡት።

አክስቴ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ «እንግዲህ ደብተሩ አይጠቅምም፤ ልጣለው?» ብለው ጠየቁኝ። ቃላቱ አሁን የሚከፍቱት ባዶ ቤት ስለሆነ ቢጣልም ግድ አልነበረም። እሳቸው ግን ትንሽ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና ወደ ሻንጣው መለሱት። «የእጅ ጽሑፉ ነው» አሉ።