በሥራ ላይ ስለሚደረግ አድልዎ የተሰጠ ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዴት እንደሚከለስ

ነጋዴ ሸቀጡን ከመላኩ አስቀድሞ የሚልክበትን አገር የጉምሩክ ደንብ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ በውጭ አገር ሱቅ ወይም ወኪል ቤት የሚከፍትም ሰው የዚያን አገር የሠራተኛ ሕግ ማወቅ ይገባዋል። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው ሠራተኛ የሚቀጥሩ የኢትዮጵያ ተወላጆች ስላሉ፣ ስለዚያ አገር ሕግ ጥቂት መግለጽ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቶሮንቶ የምትገኝበት የኦንታርዮ ክፍለ አገር የሰብአዊ መብት ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ይህ ሕግ ዛሬ እንደሚሠራበት አሠሪ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳትና በመሳሰለው ምክንያት በሠራተኛው ላይ አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። ተበደልሁ የሚል ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ አቤቱታውን የሰብአዊ መብት ትሪቡናል ለሚባለው የዳኝነት ጉባኤ ያቀርባል። ጉባኤውም ምስክር ሰምቶና ሰነድ መርምሮ ካሣ ለማስከፈል፣ የተሰናበተውንም ወደ ሥራው ለመመለስ ሥልጣን አለው።

በውሳኔው ያልተደሰተ ወገን ምን ያደርጋል? ይግባኝ የለውም። የተፈቀደለት ክለሳ ብቻ ነው፤ ይኸውም በ30 ቀን ውስጥ ዲቪዥናል ኮርት ለሚባለው ችሎት የሚቀርብ ነው። ማመልከቻውን ማቅረቡ ብቻውን የውሳኔውን አፈጻጸም አያግድም።

በአገራችን የሰበር ችሎት ማስረጃ እንደገና እንደማይመዝን ሁሉ፣ እነዚህም ዳኞች ነገሩን እንደ አዲስ አይሰሙም። መመዘኛቸው ግን የራሱ ነው። ዳኞቹ «እኛ ብንሆን እንዴት እንፈርድ ነበር?» ብለው ሳይሆን «ውሳኔው በማስረጃና በሕግ የተደገፈ፣ ምክንያቱም ተያይዞ የሚታይ ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2019 አስፋፍቶ አብራርቶታል። ጉባኤው ዋናውን ማስረጃ ችላ ብሎ እንደ ሆነ፣ ወይም አንዱን ወገን ሳይሰማ ፈርዶ እንደ ሆነ፣ ውሳኔው ሊፈርስ ይችላል።

የዚህን ክብደት አንድ ነገር ያሳየናል። በሃሚልተን ከተማ የአንድ ትምህርት ቦርድ ሠራተኛ በሥራዋ ጭንቀት ታማ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2004 ተሰናበተች። ጉባኤው ቦርዱ ለሕመሟ የሚስማማ ሌላ ሥራ በሚገባ እንዳልፈለገላት ስላረጋገጠ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የቀረባት ደመወዝ እንዲከፈላት፣ ስለ ክብሯ መነካት 30,000 የካናዳ ዶላር እንዲጨመርላትና ወደ ሥራዋ እንድትመለስ አዘዘ። ቦርዱ «ብዙ ዓመት አልፏል» ብሎ ቢከራከርም፣ በ2014ም በ2016ም ፍርድ ቤቶቹ ውሳኔውን አጸኑት።

ይሁንና ሕጉ ለሠራተኛ ብቻ ያደላ አይደለም። በአልበርታ ክፍለ አገር በድንጋይ ከሰል ማውጫ የሚሠራ አንድ የመኪና ነጂ በ2005 አደጋ አድርሶ ሲመረመር አደንዛዥ ዕፅ ስለ ተገኘበት ተሰናበተ። ኩባንያው የዕፅ ሱስ ያለበት ሠራተኛ ከአደጋ በፊት ቢያስታውቅ እንደሚረዳው በደንብ አስታውቆ፣ ሠራተኛውም ፈርሞበት ነበር። የዚያ ክፍለ አገር ጉባኤ ለኩባንያው ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2017 ውሳኔውን አልነካውም።

ከሁለቱ ነገሮች የምንማረው አንድ ነው። ነገሩ የሚረታው በመጀመሪያው ጉባኤ ፊት ነው፤ ክለሳ በጊዜው ያልቀረበን ማስረጃ ለማሟላት የተሠራ በር አይደለም። ስለዚህ አሠሪ ሠራተኛው ስለ ጤናው ሲያመለክት ጠይቆ መረዳት፣ ሌላ ሥራ መኖሩን መፈለግ፣ የተደረገውንም ሁሉ ከነቀኑ በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባዋል። እኛ የንግድ ቤት ጸሐፊዎች በፋይል የምናኖራት ያቺ አንዲት ወረቀት፣ ከዓመታት በኋላ ለባለቤቱ ምስክር ልትሆን ትችላለች። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።