ፒንግ ይሠራል፣ ሴሽኑ ግን አይነሣም

ሁለት ራውተሮች በፒንግ ይደራረሳሉ፤ ፋየርዎሉ አልከለከለም፤ የይለፍ ቃሉም ትክክል ነው። በመካከላቸው የተዋቀረው የቢጂፒ ሴሽን ግን አይነሣም። ብዙ የኔትወርክ ባለሙያዎችን ሲያደክም የኖረው የዚህ ችግር ምክንያት አንዳንዴ አንዲት መስመር ናት፦ 0.0.0.0/0።

ይህች መስመር ዲፎልት ሩት ትባላለች። ራውተር ለአንድ አድራሻ ከሚያውቃቸው መንገዶች ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን ይመርጣል፤ ምንም ካላገኘ ፓኬቱን በዲፎልት ሩት ይሰደዋል። ለሚጠይቀው ሁሉ «ወደዚያ ሂድ፣ እዚያ ይነግሩሃል» እንደሚል መንገደኛ ናት። አንድ መውጫ ብቻ ላለው መሥሪያ ቤት ይህ ይበቃል።

ቢጂፒ የተለየ ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 የመጀመሪያ ሰነዱ የወጣው ይህ ፕሮቶኮል ኔትወርኮች የትኛው አድራሻ በማን በኩል እንደሚገኝ የሚነጋገሩበት ነው። ንግግሩ በቲሲፒ ፖርት 179 ላይ ስለሚካሄድ፣ ቢጂፒ መንገድ ከመማሩ በፊት ወደ ጎረቤቱ የሚያደርስ መንገድ ያስፈልገዋል። ጎረቤቱ በቀጥታ ገመድ ካልተያያዘ ይህ መንገድ ከየት ይምጣ የሚል ጥያቄ ይነሣል። በሲስኮ አይኦኤስ ወደ ጎረቤቱ ያለው መንገድ ዲፎልት ሩት ብቻ ከሆነ ራውተሩ ግንኙነቱን አይጀምርም፤ ሌላው ወገን ሲጀምር ግን ይቀበላል። ሁለቱም ዲፎልት ብቻ ካላቸው ሁለቱም ሲጠባበቁ ይኖራሉ።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲፎልት ሩት ለማንኛውም አድራሻ «መንገድ አለ» ይላል፤ ስለዚህ ብልሽትን ይሸፍናል። ሴሽኑ ከተነሣ በኋላ ወደ ጎረቤቱ የሚወስደው ዝርዝር መንገድ ቢጠፋ፣ ዲፎልት በሌለበት ራውተር ከዚያ ጎረቤት የተማራቸው መንገዶች ወዲያው ዋጋ ያጣሉ። ዲፎልት ካለ ግን አድራሻው አሁንም የሚደረስ ይመስላል፤ ትራፊኩም ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይፈስሳል። በሲስኮ መነሻ ቅንብር ሴሽኑ መሞቱ እስኪታወቅ 180 ሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። ሁለት ራውተሮች ዲፎልታቸውን አንዱ ወደ ሌላው ካዞሩ ደግሞ፣ መድረሻው ያልታወቀ ፓኬት ቲቲኤሉ (የዕድሜ ቆጣሪው) እስኪያልቅ ከወዲያ ወዲህ ይንገላታል።

መፍትሔው አጭር ነው፤ ለጎረቤቱ አድራሻ የ/32 ስታቲክ ሩት መጻፍ፣ ወይም አድራሻውን እንደ ኦኤስፒኤፍ ባለ የውስጥ ራውቲንግ ፕሮቶኮል ማሳወቅ። ታላላቆቹ የኢንተርኔት አጓጓዦች ከዚህም አልፈው ዲፎልት ሩት የሚባል ነገር አይዙም። ሙሉውን የመንገድ ሠንጠረዥ ተሸክመው፣ በውስጡ ወደሌለ አድራሻ የሚሄድን ፓኬት ይጥሉታል። ከእነሱ በላይ የሚጠየቅ ሌላ ስለሌለ፣ በግምት ከማሳለፍ መጣሉ ይሻላል።