የሞተሩ ክዳን ሲቀባ

ደላላ ኮፈን ከፍቶ ቀለሙ ገና የሚሸት ሞተር ካሳየዎት ይጠርጥሩ። ዘይት የሚያፈስ ሞተር በናፍጣ ታጥቦ ቀለም ሲረጭበት ለጥቂት ቀን አዲስ ይመስላል። ይህን የምለው ቀለም ጠልቼ አይደለም፤ ቡታጅራ ግቢዬ ውስጥ የአሮጊቷን ኮሮላዬን የፑንቴሪያ ክዳን አውርጄ መቀባት እወዳለሁ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህማ ያለችውን መንከባከብ ግድ ሆኗል።

ክዳኑ ከቴስታታው በላይ ተቀምጦ ቫልቮቹን ከአቧራ ይጋርዳል፤ የሚፈናጠረውንም ዘይት ይይዛል። በብዙ የድሮ መኪኖች ቆርቆሮ፣ በኋለኞቹ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ነው። ቮልስ ለብቻው ነው፤ ሞተሩ ግራና ቀኝ ስለተኛ ሁለት ክዳን አለው፤ የሚይዛቸውም ብሎን ሳይሆን ወፍራም ሽቦ ነው። ፌራሪ በ1956 እ.ኤ.አ. የውድድር መኪናውን ክዳን ቀይ ቀብቶ መኪናዋንም በዚያው ጠራት። እኔ ብርማውን እመርጣለሁ። ጥቁር ላይ የማይታየው ዘይት ብርማው ላይ ገና እንደ ላብ ሲወጣ ይታያል። የምቀባውም ለዚሁ ነው።

ሥራው የሚበላሸው እጥበቱ ላይ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ያውርዱና ክፍቱን በንጹሕ ላስቲክ ይሸፍኑ፤ የበጋው አቧራ አይታመንም። ክዳኑን መጀመሪያ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በኦሞና በሙቅ ውሃ ይጠቡት። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየም ስለሚበላ አይንኩት። በአሸዋ ማስረጨትንም አልመክርም። ክዳኑ ሆድ ውስጥ የሞተሩ ጭስ የሚያልፍበት ግርዶሽ አለ፤ እዚያ የተደበቀ አሸዋ ከዘይቱ ጋር ወርዶ ብሮንዚና ይጭራል። ውስጡም አይቀባም፤ የተላጠ ቀለም የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበትን ከንፈር በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ።

ላዩን በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሻክሩት። አሉሚኒየም ከሆነ ለአሉሚኒየም የተሠራ ፕራይመር ይፈልጋል፤ ያለዚያ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ክዳኑ 100 ዲግሪ አካባቢ ስለሚግል ሙቀት የሚችል የሞተር ስፕሬይ ይግዙ። ስስ አድርገው፣ ደጋግመው ይርጩ።

ሲደርቅ የምወደው ሥራ ይመጣል። ጎላ ብለው የወጡትን ፊደላት፣ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በጠቀለልኩት ብርጭቆ ወረቀት እፍቃቸዋለሁ። ቀለሙ ከአናታቸው ተነስቶ አሉሚኒየሙ ብቅ ይላል። ከዚያ በውሃ እያራስኩ 400፣ 800፣ 1500 ቁጥር አሳልፌ በብረት ማጥሪያ ቅባት ስወለውለው «16 ቫልቭ» የሚለው ጽሑፍ ያብረቀርቃል። እዚህ ላይ ችኮላ የለኝም፤ ባለቤቴ ምሳ ጠርታኝ የማልሰማውም ያኔ ነው።

ጎረቤቶቼ መስቀል ሳይደርስ ቅባ ይሉኛል። እውነት ነው፣ በመስከረም ወልቂጤም ቡታጅራም ከአዲስ አበባ በሚመጣ መኪና ይሞላሉ፤ ኮፈን ከፍቶ መጎራረርም አለ። ግን የክረምት እርጥበት ቀለሙን ያደበዝዘዋል። እኔ ኅዳርን እጠብቃለሁ።

ክዳኑ ሲመለስ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር፣ በአጭር ቁልፍ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ ያጥብቁ። በጉልበት የተጠበቀ ቆርቆሮ ይጎብጥና ባሰበት ያፈሳል። ሞተሩ ሠርቶ ሲቀዘቅዝ ዙሪያውን በነጭ ጨርቅ ይዳብሱት። ጨርቁ ዘይት ከነካው ብሎኖቹን ይበልጥ ከማጥበቅ ይልቅ ክዳኑን መልሰው ያውርዱና ከንፈሩን ቀጥ ባለ ማስመሪያ ይለኩ።