የአረጋውያን አካላዊ እንቅስቃሴ ልኬት እና የዕድሜ ርዝመት

የአካላዊ እንቅስቃሴ ልኬት ሰዎች በቀን ወይም በሳምንት ምን ያህል ጊዜና በምን ያህል ጥንካሬ እንደሚንቀሳቀሱ በቁጥር የሚገልጽ የምርምር ዘዴ ነው። በአረጋውያን ላይ ሲሠራ ዋና ዓላማው እንቅስቃሴ ከጤናና ከዕድሜ ርዝመት ጋር ያለውን ግንኙነት ማወቅ ነው። ብዙ ጥናቶች የበለጠ የሚንቀሳቀሱ አረጋውያን ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚኖሩ ያሳያሉ። ይሁን እንጂ የግንኙነቱ መጠን እንቅስቃሴው በተለካበት መንገድ ይለያያል። ከተገኘው ልዩነት ምን ያህሉ ከእንቅስቃሴው፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከቀድሞ ጤንነት እንደመጣ መለየት የመስኩ ዋነኛ ጥያቄ ነው።

ትርጉምና አሃዶች

አካላዊ እንቅስቃሴ ማለት ጡንቻን የሚያሠራና ጉልበት የሚጠይቅ ማንኛውም የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ስፖርት የዚህ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ውሃ መቅዳት፣ ቤት መጥረግ፣ ጓሮ መኮትኮት፣ ደረጃ መውጣትና በእግር ገበያ መሄድ ሁሉም ይቆጠራሉ። የብዙ አረጋውያን እንቅስቃሴ የሚገኘው ከስፖርት ሳይሆን ከእንዲህ ዓይነቱ የዕለት ተዕለት ሥራ ስለሆነ ስፖርትን ብቻ የሚለካ ጥናት አብዛኛውን ነገር ይስታል።

የእንቅስቃሴ ጥንካሬ ብዙውን ጊዜ ሜት በሚባል አሃድ ይገለጻል። 1 ሜት አንድ ሰው ጸጥ ብሎ ተቀምጦ የሚያወጣው ጉልበት ነው። ከ3 ጀምሮ ከ6 ሜት በታች ያለው መካከለኛ፣ 6 ሜትና ከዚያ በላይ ያለው ከባድ እንቅስቃሴ ይባላል።

ታሪክ

የዘመናዊው ምርምር መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የእንግሊዛዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችን ከትኬት ቆራጮቹ ጋር አነጻጸረ። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ትኬት ቆራጮቹ ግን ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። የልብ ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ዘንድ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም እነሞሪስ ቆየት ብለው የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ መዝገብ ሲመረምሩ የሾፌሮቹ የሱሪ ወገብ ልክ ከትኬት ቆራጮቹ የሰፋ መሆኑን አዩ። ስለዚህ የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት በሥራው ብቻ የመጣ አለመሆኑ ተጠረጠረ።

እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን አንድ ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው «ማንፖ ኬይ» ተባለ፤ ትርጉሙም «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ነው። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው የ10,000 እርምጃ ግብ የተስፋፋው ከዚህ የንግድ ስም እንጂ የሞት መጠንን ካጠና ምርምር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ አሜሪካዊው ራልፍ ፓፈንባርገርና ባልደረቦቹ 16,936 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን በመጠይቅ ተከታትለው በሳምንት 2,000 ኪሎ ካሎሪና ከዚያ በላይ በእንቅስቃሴ የሚያወጡት ከሌሎቹ ያነሰ የሞት መጠን እንዳላቸው አሳወቁ።

የመለኪያ ዘዴዎች

መጠይቅ ርካሽና ለብዙ ሕዝብ የሚደርስ ዘዴ ነው። ድክመቱ በትዝታ ላይ መመሥረቱ ነው። ሰው ታስቦበት የተደረገን የእግር ጉዞ ያስታውሳል፤ በየሰዓቱ ከወንበር መነሳቱን፣ በግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለቱን ግን አይቆጥረውም። በሌላ በኩል ራሱን ንቁ አድርጎ ለማቅረብ ደቂቃዎችን የሚጨምርም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በመሣሪያ በተደረገ አገር አቀፍ ልኬት የሚመከረውን የእንቅስቃሴ መጠን ያሟሉት አዋቂዎች ከ5 በመቶ በታች ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህም ሰዎች በመጠይቅ ከሚናገሩት እጅግ ያነሰ ነው።

አክሰለሮሜትር በወገብ፣ በጭን ወይም በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ትንሽ መሣሪያ ነው። የፍጥነት ለውጥን በሦስት አቅጣጫ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይመዘግባል። ከዚያም የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥሬውን መረጃ ያጣራና እያንዳንዱን ደቂቃ ከተወሰነ ወለል ጋር አነጻጽሮ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ብሎ ይመድበዋል። ችግሩ ያለው በዚህ ወለል ላይ ነው። በስፋት ከሚሠራባቸው ወለሎች አንዳንዶቹ የተሰሉት በወጣቶች ላይ ነው። ለወጣት ቀላል የሆነ የእግር ጉዞ ለ80 ዓመት አዛውንት ከአቅማቸው ሰፊውን ድርሻ ሊወስድ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ግን ለሁለቱም «ቀላል» የሚል ምልክት ይሰጣል። እግራቸውን እየጎተቱ ወይም በምርኩዝ ቀስ ብለው የሚሄዱ ሰዎች እርምጃም ሳይቆጠር ሊያልፍ ይችላል።

ድርብ ምልክት ያለው ውሃ የሚባለው ዘዴ የጠቅላላ ጉልበት ወጪን በትክክል በመለካት ረገድ ዋቢ ተደርጎ ይወሰዳል። ተሳታፊው ከተለመደው የከበዱ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን አይሶቶፖችን የያዘ ውሃ ይጠጣል። ሃይድሮጅኑ ከሰውነት የሚወጣው በውሃ መልክ ብቻ ሲሆን ኦክስጅኑ ግን በውሃም በካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል። ስለዚህ የሁለቱ የመቀነስ ፍጥነት ልዩነት በሽንት ናሙና ሲለካ ሰውነት ያወጣው ጉልበት ይሰላል። ዘዴው ውድ ነው፤ ጉልበቱ በየትኛው ሥራ እንደወጣም አይናገርም።

ከዕድሜ ርዝመት ጋር ያለው ግንኙነት

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 82 የሆኑ 302 ሰዎችን በዚህ የውሃ ዘዴ ለካ። በቀን ለሚወጣ እያንዳንዱ 287 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ የእንቅስቃሴ ጉልበት የሞት አደጋ በ32 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአይ ሚን ሊና የባልደረቦቿ ጥናት 16,741 ሴቶችን በአክሰለሮሜትር ለ7 ቀናት ለክቶ በአማካይ ለ4.3 ዓመታት ተከታተለ። የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 72 ነበር። በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ያህል ከሚሄዱት ጋር ሲነጻጸሩ የሞት መጠናቸው በ41 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥቅሙ እስከ 7,500 እርምጃ ገደማ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ በኋላ ባለበት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2022 የ15 ጥናቶችን መረጃ ያጣመረ ትንታኔም ለ60 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉ ሰዎች ይህ ጣሪያ ከ6,000 እስከ 8,000 እርምጃ ባለው መካከል እንደሆነ አሳየ።

የመለኪያ ስሕተት በእነዚህ ውጤቶች ላይ ተጽዕኖ አለው። መጠይቅ ንቁውን ሰው ከማይንቀሳቀሰው ጋር ሲያቀላቅል በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ደብዝዞ ይታያል።

የምክንያትና ውጤት ጥያቄ

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች ሰዎችን በመከታተል የተሠሩ ናቸው። አንድ ሰው ጥቂት የሚራመደው ታሞ ሊሆን ይችላል፤ ያልታወቀ የልብ ድካም ወይም ካንሰር በመጀመሪያ እርምጃን፣ ቀጥሎ ዕድሜን ያሳጥራል። ይህ የተገላቢጦሽ ምክንያት ይባላል። ተመራማሪዎች በክትትሉ መጀመሪያ ዓመታት የሞቱትን ከስሌቱ በማውጣት ተጽዕኖውን ለመቀነስ ይሞክራሉ፤ ፈጽሞ ማስወገድ ግን አይቻልም።

ጥያቄውን በተሻለ የሚመልሰው ተሳታፊዎችን በዕጣ የሚመድብ ሙከራ ነው። በኖርዌይ ትሮንድሃይም ከተማ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 77 የሆኑ 1,567 ሰዎች ለ5 ዓመታት የተሳተፉበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱን አሳወቀ። ክትትል ያለው ልምምድ በሠሩትና በንጽጽር ቡድኑ መካከል በሞት መጠን የጎላ ልዩነት አልተገኘም። የንጽጽር ቡድኑም በአገሪቱ ምክር መሠረት ይንቀሳቀስ ስለነበር ውጤቱ እንቅስቃሴ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የወጣው ሌላ ሙከራ ደግሞ እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ፣ ከ70 እስከ 89 ዓመት የሆኑ 1,635 ሰዎችን አሳተፈ። በአማካይ ከ2.6 ዓመታት በኋላ 400 ሜትር በእግር መሄድ ያቃታቸው ከተንቀሳቃሾቹ 30.1 በመቶ፣ የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው 35.5 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ እንቅስቃሴ በራስ እግር የመሄድን አቅም እንደሚጠብቅ ያለው ማስረጃ ዕድሜን እንደሚጨምር ካለው ማስረጃ የጠነከረ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። መውደቅን ለመከላከል ሚዛንና ጥንካሬን የሚያዳብር ልምምድ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ እንዲጨመርም ያሳስባል። መጠኑን ማሟላት ለማይችሉም ትንሽ እንቅስቃሴ ካለመንቀሳቀስ ይሻላል ይላል።

በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ እንቅስቃሴን የለካው በሥራ፣ በጉዞና በመዝናኛ ጊዜ ከፋፍሎ በሚጠይቅ መጠይቅ ነው። ዳሰሳው ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉትን ብቻ ስላካተተ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ከልኬቱ ውጪ ናቸው። የዕድሜ ርዝመትን ለማጥናት ደግሞ የልደትና የሞት ቀን መታወቅ አለበት። በአገሪቱ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 በመሆኑ የዛሬዎቹ አረጋውያን የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። እንደ ቡታጅራ ባሉ የምርምር ቦታዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ልደትና ሞት ሲመዘገብ መቆየቱ ለወደፊት ጥናት መሠረት ሊሆን ይችላል።