የጓሳው ቀይ ቀበሮ የማን ወገን ነው?

ውሻም ተኩላም ቀበሮም የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ መነሻቸው ሰሜን አሜሪካ፣ ዘመኑ ከ40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጅብ ውሻ ቢመስልም ወገኑ ከድመት ነው። መልክ እንዲህ ያታልላል፤ ይህን ይዘን ወደ መንዝ፣ ወደ ጓሳ እንውጣ።

ጓሳ ላይ በማለዳ ሣር ለሣር የሚያደባውን ቀይ አውሬ ያየ ሁሉ በጸጉሩና በሹል አፉ ፈርዶ ከተራ ቀበሮ ይመድበዋል። በዚህ አልስማማም። በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት ለተኩላ የቀረበ ዘመድ መሆኑን አሳይቷል፤ ጀርባው ጥቁር የሆነው ቀበሮ ከዚህ ዝምድና ይርቃል። ሹል አፍ የእንጀራ ጉዳይ ነው፦ አይጥን ከጉድጓድ አፍ ለመልቀም ረጅምና ቀጭን መንጋጋ፣ ትንንሽና የተራራቁ ጥርሶች ይመቻሉ። አባቶቹ ከሰሜን የመጡ ተኩላ መሰል እንስሳት ናቸው። የመጡት ከ100,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው ሲባል ኖሯል፤ በመልካ ዋከና ተገኝቶ በ2023 ይፋ የሆነው የቀይ ቀበሮ የታች መንጋጋ ግን ዕድሜው ከ1.4 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆነ።

በቡድን ይኖራል፤ ቡችሎቹንም ክልሉንም በጋራ ይጠብቃል። አይጥ ሲያድን ግን ብቻውን ነው። ጓሳ ላይ ደግሞ ሌላ ቦታ ሲነገር ያልሰማሁት ነገር አለ፦ ሣር ከሚነጨው የጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ ያድናል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም ማለት ይቻላል። በ2015 የታተመ የዚያው የጓሳ ጥናት እንዳሰላው፣ ለብቻው ሲሆን ከሙከራው 25 በመቶ፣ ከጭላዳ መሃል ሲሆን 67 በመቶ ይሳካለታል። መንጋው አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጣለት ወይም ያዘናጋለት ይሆናል። እኔም ባየሁት ጊዜ ከጭላዳዎቹ እግር ሥር ቀስ ብሎ ሲራመድ ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።

አይጡ ያለው ጓሳ የሚባለው ሣር ስላለ ነው። የመንዝ ቀደምት አባቶች የአስቦና የገራ ዘሮች ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ ባይጠብቁት ኖሮ ቀበሮውም አይተርፍም ነበር።

ጠቦት ጨረሰብን እያሉ የሚያሳድዱት ይሰሙኝ፤ ሲሳዩ አይጥ ነው። ይልቅ ያልተከተበ ውሻ ይዞ ጓሳ መውጣት ይቅር። ዝምድናው ቅርብ ነውና የውሻው በሽታ ይይዘዋል። በ2003 በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በወረርሽኙ ከተመታው የዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮ ሦስት አራተኛው ገደማ አለቀ። በዓለም የቀሩት ከ500 አይበልጡም። ከ2018 ወዲህ ባሌ ላይ ክትባቱ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ ለቀበሮዎቹ ይሰጣል። ውሻን ማስከተብ ግን አሁንም የባለቤቱ ሥራ ነው።